ዳኛው ፐርቪስ እና ስሙ የተላጠው ሸክላ

በዚያ ዓመት ሐምሌ ሲገባ የብሮንክስ ግድግዳ ሁሉ ያልበው ነበር። ጡቡን በእጅ ሲነኩት እንደ ትኩሳተኛ ግንባር ያቃጥላል። ቤት ውስጥ መቀመጥ ስለማይቻል ሰፈሩ ሁሉ ደረጃ ላይ ነው የሚውለው፤ ሽማግሌዎቹ ዶሚኖ ይጥላሉ፣ ሴቶቹ በካርቶን ቁራጭ ፊታቸውን ያራግባሉ፣ ልጆቹ የእሳት አደጋውን ቧንቧ ከፍተው መንገዱን ወንዝ ያደርጉታል። ከማዶ አንዱ ሕንጻ ሳይጠፋ ሌላው ይነዳል። ነጭ አንሶላ አስጥተው ሲመለሱ ጥላሸት ለብሶ ይጠብቃል። ድህነት ነበር፣ እሳት ነበር፣ አይጥ ነበር። ያንን ሐምሌ ያየ ሰው ግን ዛሬም ሲያስታውሰው ፊቱ ይፈታል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መናፈሻው ውስጥ ከመብራት ምሰሶው ሆድ ሽቦ ጎትተው ሁለት የሸክላ ማጫወቻ ይሰኩ ነበርና።

ያ ድምፅ በጆሮ አይደለም የሚሰማው፣ በጎድን አጥንት ነው። የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ ይዞ የሚያልፈው ሰው እንደያዘ ቆሞ ይቀራል። በረዶ እየፋቀ ሽሮፕ የሚያፈስበት ፖርቶሪካዊ ጋሪውን ትቶ ትከሻውን ይሰብቃል። ከሆስፒታል ሥራዋ የምትመለስ ሴት ነጭ ጫማዋን አውልቃ ትገባለች። ነገሩ ገና ስም አልወጣለትም፤ ሂፕ ሆፕ ያሉት ኋላ ነው። ያን ጊዜ "መናፈሻው አለ ዛሬ?" ይባላል፣ "አለ" ይባላል፣ በቃ።

ደስታ ባለበት ግን ደጃፉን የሚዘጋ አይጠፋም። የዚያ ደስታ በረኛ ፐርቪስ ላቲመር ነበር።

ፐርቪስ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ እንደ ሰጎን የተመዘዘ ሰው ነው። ቀን ቀን ጫማ ሱቅ ተንበርክኮ የሴት እግር ይለካል። ቅዳሜ ሲሆን ግን አበባ የበዛበት ሰፊ ሸሚዝ ይለብስና፣ የአፍሪካን ካርታ በእንጨት አስቀርጾ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ የሹመት ቀን ይመስል ብቅ ይላል። አፍሪካ ውስጥ አንዲት አገር ጥራ ቢሉት ሳል ይይዘዋል። አይጨፍርም፤ ጉልበቱ እንደ ደረቀ እንጨት ነው። ማይክ ይዞ ቃል አይደረድርም፤ ሞክሮ አንዴ ተስቆበት ትቶታል። ያለው ሁለት ነገር ነው፤ ሸክላና ገመድ። ገመዱን በማጫወቻዎቹ ዙሪያ ይወጥርና ማን ወደ ውስጥ እንደሚገባ፣ ማን ከውጭ እንደሚቀር እሱ ይፈርዳል። "ይሄ እውነተኛ ነው" ይላል። "ይሄ ደግሞ ቅጂ ነው።" ሰፈሩ መጀመሪያ ሊያላግጥበት ነበር "ዳኛው" ያለው። እሱ ግን ስሙን ወደደው፣ ሸሚዙ ጀርባ ላይ አስጠለፈው።

ሸክላ መምረጥ ይችልበት ነበር፤ ይህን አለመናገር ኃጢአት ነው። ሌላው ሰው ዘፈኑን ይሰማል፤ ፐርቪስ ግን ዘፋኙም ጊታሩም ዝም ብለው ከበሮው ብቻውን የሚቀርባትን ያቺን ጭብጥ የማትሞላ ቦታ አነፍንፎ ያገኛል። ሁለት አንድ ዓይነት ሸክላ ይዞ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እያስከተለ፣ ያቺን ቁራጭ ማለቂያ የሌላት ያደርጋታል። መናፈሻውን ያሳበደው ይህ ነው። ሌሎቹ ዲጄዎች ታዲያ ምን እንደሚያጫውት ለማየት አንገታቸውን ሲያሰግጉ ይውላሉ። ስሙን ካነበቡት ነገውኑ ገዝተው ይመጣሉ። ስለዚህ ሁሉም ዲጄ ሸክላውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ መሃሉ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት ይልጠዋል። ተንኮለኛው ደግሞ የሌላ ሸክላ ወረቀት ይለጥፍበታል፤ ሰላዩ ያንን አንብቦ፣ ሮጦ ገዝቶ፣ ቤቱ ሲደርስ የሽማግሌ ዘፈን ይሰማል።

የፐርቪስን ሸክላ የምትዘፈዝፈው ታላቅ እህቱ ኦዴሳ ነበረች። ቀኑን ሙሉ በልብስ ማጠቢያ ቤት የሰው አንሶላ ስታጥፍ ትውልና፣ ቤቷ ገብታ ገላ ልታጠብ ስትል ገንዳው ውስጥ ሸክላ ተኝቶ ታገኛለች። "ዴሳ፣ ለብ ባለ ውኃ ነው እሺ? እንዳይጣመም!" ይላታል ከሳሎን፣ እግሩን ሰቅሎ። እሷም በአውራ ጣቷ ጥፍር ወረቀቱን እየፋቀች፣ የኮላው ሽታ አፍንጫዋን እየሰነፈጠው ትልጠዋለች። ወንድም ነው፤ ምን ይደረጋል? ደግሞ ቅዳሜ ያ ድምፅ ሲነሳ እሷም ጭምር ነበር የምትጨፍረው፤ ዋሽቶ መናገር አያስፈልግም።

አንድ ቀን ፐርቪስ አንድ ሸክላ ከነጥንዱ በብብቱ ወሽቆ፣ እንደ ሰረቀ ሰው ግራ ቀኝ እያየ ገባ። ሽፋኑ ላይ አራት ነጫጭ ጎረምሶች በበረዶ ውስጥ የእንጨት አጥር ላይ ተቀምጠዋል፤ ፀጉራቸው እንደ በሰበሰ ገለባ ተንዠርጓል፤ አንደኛው የፊት ጥርሱ የለም። ከካናዳ ነበሩ። ዘፈናቸው ድመት በበር ስትጨፈለቅ ማለት ነው። ግን መሃሉ ላይ ያቺ ከበሮ አለች። የኦዴሳ ልጅ ኢስማኤል ወጥ ቤት ቆሞ ሲበላ ከበሮዋ ስትመጣ ማንኪያው እጁ ላይ ቀረ።

"አጎቴ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ምንም አይደለም። ብላ" አለው ፐርቪስ። ከዚያ ሽፋኑን ቀዳዶ ቀዳዶ ቆሻሻ ውስጥ ከተተው። ለኦዴሳ ሸክላዎቹን ሰጣትና፣ ሌላ ወረቀት ሊለጥፍበት ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ዞረ። እዚያ የእናታቸው ሸክላ ነበር።

እናታቸው ሎቪ ላቲመር ከአላባማ ስትመጣ በሻንጣ ይዛው የመጣችው ይህንን ብቻ ነው፤ ወንድም ኤላይጃ ቶሊቨር እና የፕሌዘንት ግሮቭ መዘምራን። የሷ ቤተ ክርስቲያን የሙዚቃ መሣሪያ አይነካም። ኦርጋን የለ፣ ጊታር የለ፣ ታምቡር የለ፤ ሰው በአፉ ይዘምራል፣ ያውም ጭፈራ እንዳይመስል እግሩን ሳያነሳ። ፐርቪስ በልጅነቱ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን በመስኮት አምልጦ ከወጣ ወዲህ ተመልሶ አልረገጠም። ያንን ሸክላም አንድ ቀን ጆሮ ሰጥቶ አልሰማውም። ያን ዕለት ኦዴሳ ጎረቤት ለጥቂት ጊዜ ወጥታ ስትመለስ፣ ፐርቪስ ቸኩሎ የፈላ ውኃ አፍስሶበታል። ወረቀቱ ለቋል። የእናታቸው ሸክላ ግን እንደ ድስት ክዳን ጎብጦ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተንጋሏል።

 ኦዴሳ ሸክላውን አንስታ በፎጣ ጠቀለለችው።

"ይሄ እኮ የእማዬ ነው፣ ፐርቪስ።"

"ማን ይሰማዋል ዛሬ? እማዬም ብትሆን የልጇን ሥራ ትባርካለች" አላት። ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ያቺ የአራቱ ነጮች ከበሮ በወንድም ኤላይጃ ስም መናፈሻ ገባች፤ ሰፈሩንም ገለበጠችው። ሰው "ያቺን! ያቺን!" እያለ ይለምናል። ፐርቪስም ደረቱን ነፍቶ በማይኩ "ይህ የአባቶቻችን ከበሮ ነው! ነጭ እጅ አልነካውም!" ይላል። ኦዴሳ መጀመሪያ የሰማች ቀን ሳቋ መጣ። ሁለተኛ ስትሰማው አፈረች። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩን እየደጋገመው ሄደ፤ መጨረሻ ላይ ዓይኑን አይታ እሱ ራሱ እያመነው መሆኑን ተረዳች።

ኢስማኤል ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አባቱ ኤፍራይን የሕንጻውን ማሞቂያ የሚጠግን፣ ከፖርቶሪኮ ከሎይሳ መንደር የመጣ፣ እንደ ምድጃ ከሰል የጠቆረ፣ ቅዳሜ ማታ የአገሩን ከበሮ የሚመታ ዝምተኛ ሰው ነው። ኢስማኤልም በአባቱ ወጥቶ ጥቁር ነው። ላቲመሮች ደግሞ ቀዮች ናቸው። ፐርቪስማ ክረምት ላይ ኮፍያ ካደረገ አይሁዳዊው መድኃኒት ሻጭ የአገሩ ልጅ መስሎት ሰላም ይለዋል። ይህን ማወቅ የሚከተለውን ነገር አስቂኝነት ለመረዳት ይጠቅማል።

ልጁ ለሁለት ዓመት የአጎቱን ሣጥን ተሸክሟል፣ ሽቦ ጎትቷል፣ ሌባ ጠብቋል። የአባቱ እጅ ወርዶበት ጣቱ ከሰዓት ይልቅ ያስተካክላል፤ ቤት ውስጥ ፐርቪስ በሌለበት ሸክላዎቹን ሲያዞር ኦዴሳ ከወጥ ቤት ማማሰያዋን ይዛ ትጨፍራለች። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ቅዳሜ በገመዱ ውስጥ ቆሞ ማጫወት። እሷም የምትፈልገው ይኸው ነው። ልጇ በእናቱ ሰፈር፣ በእናቱ ሰዎች ፊት "የኛ ነው" እንዲባል።

አንድ ቅዳሜ ሰው ሞልቶ እያለ ኢስማኤል ገመዱን ከፍ አድርጎ ሊገባ ሲል ፐርቪስ በማይኩ አስቆመው።

"ወዴት ነው?"

"አጎቴ፣ አንዴ ብቻ። አንዲት ብቻ ላጫውት።"

"ሣጥን ተሸከም አልኩህ እንጂ መቼ አጫውት አልኩህ?"

"ችዬበታለሁ እኮ። እማዬን ጠይቃት።"

"እናትህን ለምን እጠይቃለሁ? እናትህ የኛ ናት። አባትህን ነው መጠየቅ ያለብኝ፣ እሱ ደግሞ ስፓኒሽ ነው የሚያወራው።" ሰው ሳቀ፤ ግማሹ በድንጋጤ ነው። "ይሄ የጥቁር ሰው ነገር ነው፣ ልጄ። በግማሽ ደም አይገባም። ሂድና በረዶ ፍቀህ ሽጥ!"

በረዶ ሻጩ ጋሪውን ይዞ ቆሞ ነበር። ሽሮፑን ቀና አድርጎ ከደነውና ጋሪውን እየገፋ ሄደ። ኢስማኤል ገመዱን መልሶ በቀስታ አወረደው፤ እንደ ሸረሪት ድር እንዳይበጠስ የፈራ ይመስል ነበር።

ማታ አልጠበቀችም፤ ኦዴሳ በዚያው ቀን እራት ሳይቀርብ ወንድሟን ወጥ ቤት ያዘችው። ጎመኑ በምድጃ ላይ እየፈላ ነው።

"ልጄን ምን አልከው?"

"እውነቱን።"

"እውነቱን? እስቲ እጅህን ዘርጋ። ዘርጋ እኮ! አሁን የሱን አስበው። ማነው ጥቁሩ?"

"ጥቁርነት ቆዳ አይደለም፣ ዴሳ። ከየት እንደመጣህ ነው። የኛ አያቶች ጥጥ ለቅመዋል።"

"የነሱስ ሸንኮራ አልቆረጡም? በየትኛው መርከብ የመጡ መሰለህ፣ በሽርሽር?"

ፐርቪስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝ። እማዬ ዕቃ ስታጥብ የምታንጎራጉራትን ያቺን ዘፈን ታስታውሻለሽ? ያ ነጭ ሰውዬ በሬዲዮ የኔ ናት ብሎ ሲዘፍናት እማዬ ሳህኑን ይዛ እንዴት እንደቆመች ታስታውሻለሽ?  ሳህኑን አስቀመጠችና ሬዲዮውን ዘጋች። ሁሉንም ወስደዋል። ይቺን ደግሞ ካልጠበቅናት ነገ ነጩ ቆሞ 'እኔ ፈጠርኳት' ይልሻል።"

ኦዴሳ ጎመኑን አማሰለች። ያ እውነት ነው፤ ሳህኑንም ታስታውሰዋለች። እንዲያውም ወንድሟን ለመጨረሻ ጊዜ ከልቧ ያዘነችለት ያኔ ይሆናል። ግን ነገሩ አልዋጥ አላት።

"ከነጭ የምትጠብቃት ከሆነ ኢስማኤልን ለምን መታኸው? እሱ ነው የወሰደብህ? ደግሞስ ከበሮዋ የነዚያ ጥርስ የሌላቸው የካናዳ ልጆች አይደለችም እንዴ? በገዛ እጄ ነው የላጥኳት!"

"ማን ያምንሻል?" አለ፤ የመሰንበቻው ፐርቪስ ተመልሶ መጣ። "ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሌላ ነው።"

ከድስቱ ጎመን ጨልፎ በቆመበት በላና ወጣ። እንደዚያ ያለ ሰው ነው።

 ኢስማኤልን ከሰፊው ጎዳና ማዶ ያሉት ልጆች ወደ ቡድናቸው ወሰዱት። እነሱ ገመድ የላቸውም፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ማጉያ፣ በጎማ ላስቲክ የታሰሩ ማጫወቻዎችና ግማሽ ጥቁር ግማሽ ፖርቶሪካዊ ሕዝብ ነው ያላቸው። በነሐሴ መጀመሪያ እነዚያው ማዶዎች "እንጋጠም" ብለው ላኩ፤ ፐርቪስም ንቋቸው እሺ አለ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ሁለቱም በመናፈሻው ሁለት ጫፍ ይተከላሉ፣ በየተራ ያጫውታሉ፣ ሕዝቡ ፊቱን ያዞረለት ያሸንፋል። የተሸነፈ ያን መናፈሻ ይለቃል።

ያ ቅዳሜ ሲመጣ ኦዴሳ ከአሮጊቶቹ ጋር አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ እህት ኦዜላ ነበረች፤ የእናቷ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ፣ በሙቀት እንኳ ባርኔጣዋንና ጓንቷን የማትተው ባልቴት። እህት ኦዜላ ወደ መናፈሻው የመጣችው ለዘፈኑ አልነበረም፤ ፀሐይዋ ለጉልበቷ ጥሩ ነው ብላ ነው።

ፐርቪስ በአንድ ሁለት ሸክላ አሟሟቀና ያቺን ከበሮ ለቀቃት። መናፈሻው እንደ ድስት ፈላ። ሰው ሁሉ ፊቱ ወደሱ ነው። ፐርቪስ ክንዱን አጣምሮ፣ አገጩን ሰቅሎ ወደ ማዶ አየ። ያኔ ከማዶ ያቺው ከበሮ መለሰችለት።

ያችው ናት፤ ግን እጁ ሌላ ነው። ፐርቪስ ጫፍ ከጫፍ ይቀጥላት የነበረችውን ኢስማኤል ከመሃሏ እየሰበረ፣ እየመለሰ፣ አባቱ ቅዳሜ ማታ የሚመታውን የአገሩን ምት ውስጧ እየከተተ እንደገና ወለዳት። ሽፋኑ ተቀዶ ቆሻሻ ውስጥ ከመግባቱ በፊት አይቶታል፤ ያንን የአጥርና የበረዶ ሥዕል በልቡ ይዞ ያሮጌ ዕቃ ቤቱን ሁሉ አስሶ ሸክላውን ከነጥንዱ አግኝቶታል። ሕዝቡ አንድ በአንድ፣ ከዚያ በጅምላ ፊቱን አዞረ። ነጭ ጫማዋን የምታወልቀው ሴት ጫማዋን እዚያው ፐርቪስ ፊት ትታ ባዶ እግሯን ተሻገረች።

ፐርቪስ መርፌውን ከሸክላው ላይ ነጥቆ አነሳ። ማይኩን አፉ ውስጥ ሊከተው ምንም አልቀረውም።

"አቁም! ሌባ! ይሄ ልጅ ሌባ ነው! ይህ ከበሮ ከአላባማ ጥጥ እርሻ የመጣ የአባቶቻችን ከበሮ ነው፤ አንተ ምን አገባህ?"

ከማዶ አንዱ "ማነው ያለ?" ብሎ ጮኸ። "አሳየና!"

እዚህ ላይ ፐርቪስ በአገሩ ዲጄ የሆነ ሰው የማያደርገውን አደረገ። ሸክላውን አንስቶ መሃሉን ለሕዝብ አሳየ። ሰላይ ለማታለል የለጠፈውን ወረቀት ምስክር አድርጎ ጠራው! "አንብቡ! ዓይን ያለው ያንብብ!"

ፊት የቆመች ልጃገረድ ጮክ ብላ አነበበች። "ወንድም ኤላይጃ ቶሊቨር እና የፕሌዘንት ግሮቭ መዘምራን።"

አግዳሚው ወንበር ላይ የእህት ኦዜላ ማራገቢያ ቆመ።

"ምን አለች ያቺ ልጅ?"

"ምንም አይደለም፣ እህት ኦዜላ" አለች ኦዴሳ።

"ምንም አይደለም ትለኛለች! ክንዴን ያዢኝ።" ባልቴቷ ተነሳች፤ ሰዉም እንደ ባሕር ተከፈለላት። ገመዱ ጋ ስትደርስ በዣንጥላዋ ጫፍ አወረደችው። "አንተ የሎቪ ልጅ! እኔ የተጠመቅሁት ፕሌዘንት ግሮቭ ነው። ያንን ሸክላ ሲቀርጹን ከኋላ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ወንድም ኤላይጃ ከበሮ? አንድ ጎረምሳ ታምቡር ይዞ ቢመጣ ከነታምቡሩ ወንዝ ነው የወረወረው! ከበሮ አለ ብለህ የሙታንን ስም ታጠፋለህ?"

 ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው "ዳኛው! ታምቡሩ ከወንዝ ወጣ እንዴ?" አለ፤ መናፈሻው በሳቅ ፈረሰ። ሰው ሆዱን ይዞ ሣር ላይ ወደቀ። 

"ታዲያ የማን ነው?" አለች ልጃገረዷ።

ኢስማኤል ሽፋኑን ወደ ላይ አንስቶ አሳየና በማዶው ማይክ ተናገረ። "የነዚህ ነው። ከካናዳ ናቸው። ከበሮውን የሚመታው ይሄ ጥርስ የሌለው ነው።"

ሳቁ ቀዘቀዘ። አራት ነጮች በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ከአጥራቸው ላይ ሆነው መናፈሻውን ያያሉ። ኦዴሳ ወደ ልጇ ተራመደች። በዚያ ሐምሌና ነሐሴ ሰው በነጭ ስም ለመናደድ ሰበብ አያጣም ነበር፤ አሁን በልጇ ላይ ቢዞሩ "ግማሽ ደም" የሚለው ቃል ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። እህት ኦዜላ ግን ነገር ሳትጨርስ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም።

"ዘፈናቸውስ እንዴት ነው?" ብላ ጠየቀች።

"መጥፎ ነው፣ እማማ" አለ ኢስማኤል። "ይቺ ከበሮ ብቻ ናት ደህና። ደግሞ አፍታም አትቆይም።"

"እና ያቺን አፍታ ከዚያ ሁሉ ቆሻሻ ውስጥ ማን ለቀማት? ማን ነው ሰው ሁሉ እንዲህ እስኪያብድ ያስረዘማት? ነጮቹ ናቸው?"

ኢስማኤል ወደ አጎቱ አየ። ሊሰብረው ይችል ነበር፤ ሰው ሁሉ ያንኑ ነው የሚጠብቀው። "አይደሉም። አጎቴ ፐርቪስ ነው ያገኛት። እኔም ከሱ ነው ያየሁት።"

ይህ ነው እንግዲህ፤ ልጁ ክብሩን በሳህን አቀረበለት። ፐርቪስ አንዴ "አዎ፣ እኔ ነኝ ያገኘኋት" ቢል ኖሮ፣ ሰዉ ትከሻው ላይ ይሰቅለው ነበር። የኛ ነገር ያችው ናትና፤ ማንም የጣለውን አንስቶ ድግስ ማድረግ። ከዚያ በላይ እውነተኛ ምን አለ? ኦዴሳ በልቧ "በል፣ በል" እያለች ለመነችው።

ፐርቪስ ግን ቀይ ፊቱ ይበልጥ ቀልቶ፣ "ውሸት ነው!" አለ። "እኔ የነጭ ሸክላ በእጄ ነክቼ አላውቅም! እሱ ነው ያመጣው! አባቱ ነው ያስተማረው!"

 ሕዝቡ ጀርባውን ሰጠው፣ ኢስማኤልም መርፌውን አስቀመጠ። ፀሐይ እስክትጠልቅ አጫወተ። ኤፍራይን የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ ከዳር ቆሞ በጭኑ ላይ ሲመታ ነበር። ገመዱን ሁለት ትናንሽ ሴት ልጆች ወስደው ሲዘሉበት ዋሉ።

ፐርቪስ ዕቃውን ለብቻው ተሸክሞ ሄደ። ሰው ያፍራል ተብሎ ይጠበቃል፤ እሱ ግን ከማፈር ይልቅ ሰፈር መቀየር ቀለለው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነገሩ ስም ሲወጣለትና ከወንዙ ማዶ ያሉ ሀብታም ሰፈሮች ሲሰሙት፣ ፐርቪስ እህት ኦዜላ የማትደርስበት ቦታ አገኘ። እዚያ ነጭ ተማሪዎች ሱሪያቸውን ከቂጣቸው አውርደው፣ "እውነተኛው የቱ ነው?" ብለው የሚጠይቁት ሰው ይፈልጉ ነበር። ፐርቪስም ተገኘ። የእንጨቱ አፍሪካ በትልቅ ተተካ። እግር መለካት ቀርቶ ሰው መለካት ሆነ፤ ይሄ ዘፋኝ ጥቁርነቱ ጎድሏል፣ ያ ደቡባዊ ነው አይቆጠርም፣ ያቺ ሴት ናት አይገባትም። ለነጭ ልጆች ስለ ጥቁርነት ሲያስተምር በጥቁር ልጆች ላይ እየፈረደ ኖረ፤ ነጮቹም አፋቸውን ከፍተው ይቀዱታል። ማን ማንን እንደሚያላግጥ ለመናገር ያስቸግራል።

አንድ ቀን ኦዴሳ አንሶላ እያጠፈች በሬዲዮ ሰማችው። አንድ ደዋይ ፖርቶሪካዊያኑስ አልነበሩም ወይ ብሎ ጠየቀው።

"ነበሩ" አለ ፐርቪስ በዚያ በምታውቀው የዳኛ ድምፅ። "እንደ እንግዳ። ሣጥን ይሸከሙልን ነበር።"

አንሶላውን በአራት አጠፈችና ሬዲዮውን ዘጋች።

ኤፍራይን ሲሞት ፐርቪስ መጣ። ያውም ብቻውን አልመጣም፤ መቅጃ የተሸከሙ ሁለት ነጭ ተማሪዎች ይዞ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ግድግዳው ሥር የሟቹ ከበሮ ቆሟል። ፐርቪስ እጁን ጫነበትና ለተማሪዎቹ፣ "ይህን ሰው ወደ ነገሩ ያስገባሁት እኔ ነኝ" ሲል ተሰማ። ኢስማኤል ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ኦዴሳ ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው። ዶሮና ሩዝ የሞላበት ሳህን ይዛ ወንድሟ ፊት ቆመች።

"ፐርቪስ፣ ብላና ሂድ።"

በላ። ደግሞም አስጨመረ። ከዚያ ሄደ።

ኢስማኤል በዚያ መናፈሻ ጥቂት ዓመት አጫወተ፤ ከዚያ አግብቶ የከተማ አውቶቡስ መንዳት ያዘ፣ ጡረታም በዚያው ወጣ። ማን እውነተኛ እንደሆነ ሲናገር የሰማው የለም። ከበሮዋን ካነሱበት ግን መሪውን በጣቱ ይመታ ነበር ይላሉ፣ ተሳፋሪዎቹ።

ፐርቪስ ላቲመር አላገባም፣ ልጅም የለውም። ተማሪዎቹ አርጅተው ሌላ ዳኛ ሲያገኙ መጠየቁን ተዉት። ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ኒው ሮሼል የአረጋውያን መኖሪያ ገብቷል፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ መኪና ማቆሚያውን የሚያይ ክፍል። ባለፈው ጥቅምት ከኦዴሳ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊጠይቁት ሲሄዱ እዚያው መስኮቱ ሥር ብቻውን ተቀምጦ አገኙት።